ሃይድሮፎቢያችን

‹‹ውሃ›› የሚለውን ቃል የሚፈራ ሰው አለ? የለም። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ የሚያስፈራው ውሃ ሲመጣ ሳይሆን በፈረቃው ቀን ሳይመጣ ሲቀር ነው። ‹‹ሃይድሮ›› የሚለው ቃልስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይቀየራል። ሃይድሮሊሲስ፣ ሃይድሮካርበን፣ ሃይድሮክሳይድ ሲባል ግማሻችን የኬሚስትሪ ፈተና ትዝ ይለናል። ሃይድሮሴፋለስ፣ ሃይድሮኔፍሮሲስ፣ ሃይድሮሲል ሲባል ደግሞ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ወረቀት የያዘች ነርስና የተጨነቀ ቤተሰብ ይታየናል።

ጉዱ ታዲያ ምን መሰላችሁ? ያ ሁሉ ማስፈራሪያ ውሃ ነው። የጥንት ግሪኮች ውሃን ‹‹ሂዶር›› ይሉት ነበር። ከምንጭ በእንስራ የሚቀዳውን፣ እግር የሚታጠቡበትን፣ ለከብት የሚያጠጡትን ውሃ ማለታቸው ነው። ‹‹ሃይድሮ›› የሚለው መነሻ ከዚያ የመጣ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

በሕክምና ‹‹ሃይድሮፎቢያ›› የሚባል ነገር አለ፤ ‹‹ውሃ መፍራት›› ማለት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የጀመረው ሰው ውሃ ሊጠጣ ሲሞክር ጉሮሮው በኃይል ይኮማተራል፤ ቆይቶ ውሃ ማየት ራሱ ያስደነግጠዋል። (በነገራችን ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ለክትባት መሮጥ አለበት።) የእኛ ሃይድሮፎቢያ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ውሃውን ሳይሆን የውሃውን ስም ነው የምንፈራው።

ይሄ ደግሞ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት። ሰው የሚጎዳበት ነገር ስለሆነ ነው።

ሮቶው ሲሞላ

ሃይድሮሴፋለስን እንውሰድ። ‹‹ሂዶር›› ውሃ፣ ‹‹ኬፋሌ›› ራስ። ሲገጣጠም ‹‹ውሃ ራስ›› እንደማለት ነው። በአማርኛ ከጥንትም ያለን አነጋገር አለ፦ ‹‹ውሃ ቋጠረ››። ሆዱ ውሃ ቋጠረ እንላለን፣ ሳንባው ውሃ ቋጠረ እንላለን። እንግዲህ ሃይድሮሴፋለስ ‹‹ጭንቅላቱ ውሃ ቋጠረ›› ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ ጓዳ ጓዳ የመሰሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ንጹህ ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአንድ አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ። በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የተመነጨው እየዞረ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ገቢውና ወጪው እኩል ነው ማለት ነው። አሁን አንድ ሮቶ አስቡ። ከላይ ውሃ ይገባል፣ ከታች ይወጣል። ማውጫው ቢደፈንስ? ውሃው መግባቱን አያቆምም። ሮቶው ይወጠራል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ጭንቅላቱ ያድጋል። ውስጥ ያለው አንጎል ደግሞ ይጨመቃል።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይሄን ለመረዳት ሕክምና መማር አያስፈልገውም። ስለ ሮቶና ስለተደፈነ ቱቦ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ሕክምናውም እንደዚያው ነው። አንዱ መንገድ ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ጓዳ በቆዳ ሥር አሳልፎ ሆድ ውስጥ መልቀቅ ነው፤ ‹‹ሻንት›› ይሉታል። ሌላው በኢንዶስኮፕ ገብቶ ለውሃው አዲስ መውጫ መክፈት ነው። ይሄን ሁለተኛውን መንገድ ለሕፃናት እንዲስማማ አድርገው ካሳደጉት ሐኪሞች አንዱ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ዋርፍ ነው፤ ሥራውን የሠራው ደግሞ እዚሁ አካባቢያችን ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ውስጥ ነው።

አሁን ሁለት እናቶችን እናስብ። አንደኛዋ ‹‹ልጅዎ ሃይድሮሴፋለስ አለበት፣ ሻንት ይገባለታል፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ›› ተባለች። ሁለተኛዋ ‹‹እናቴ፣ ስሙ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል። በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ እናወርደዋለን። ቱቦው ደግሞ አንድ ቀን ሊደፈን ይችላል፤ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካተኮሰው ሳትውል ሳታድሪ አምጪው›› ተባለች። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ሌሊት ቢያስመልሰው የትኛዋ እናት ናት ታክሲ የምትፈልገው? የትኛዋ ናት ‹‹ምግብ አልተስማማውም›› ብላ እስኪነጋ የምትጠብቀው?

ሁለተኛዋ እናት ከአንደኛዋ የበለጠ አልተማረችም። ቃሉ ተፈታላት፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ሌላም አለ። ስም ካልተፈታ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ‹‹እርግማን ነው››፣ ‹‹የእናትየው ኃጢአት ነው››፣ ‹‹ቡዳ በልቶት ነው›› የሚለው ይሞላዋል። ‹‹ውሃው መውጫ አጣ›› የተባለ ቤተሰብ ቱቦ ይፈልጋል። ምንም ያልተባለ ቤተሰብ ግን ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ጣቱም መጀመሪያ የሚጠቁመው ወደ እናትየው ነው።

ይሄ ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጀርባ አጥንት አለመግጠም ጋር ነው። ከዚህ አንዱ ክፍል መከላከል የሚቻል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዲት ሴት ለማርገዝ ካሰበችበት ጊዜ ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ‹‹ካሰበችበት›› ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጽንሱ አንጎልና ጀርባ መሠረት የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን ገና ሳታውቅ ማለት ነው።

የቀሩትም ያው ናቸው

አንዴ ቁልፉ ከተያዘ በሩ ሁሉ ይከፈታል። ‹‹ኔፍሮስ›› ኩላሊት ነው፤ ሃይድሮኔፍሮሲስ ኩላሊት ውሃ ሲቋጥር ነው። ውሃው እዚህ ላይ ሽንት ነው፤ ጠጠር ወይም ያበጠ ፕሮስቴት መንገድ ሲዘጋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይነፋዋል። ‹‹ኬሌ›› እብጠት ነው፤ ሃይድሮሲል የወንድ የዘር ፍሬ ከረጢት ውሃ ሲቋጥር ነው። ‹‹ቶራክስ›› ደረት ነው፤ ሃይድሮቶራክስ በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠር ነው። ልብ በሉ፣ አያቶቻችን ‹‹ውሃ ቋጠረ›› ሲሉና ፕሮፌሰሩ ‹‹ሃይድሮ›› ሲል የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ አንዱን በገዛ ቋንቋችን መስማታችን፣ ሌላውን በሰው ቋንቋ መስማታችን ነው።

ግሪክኛም ቢሆን ለእኛ ያን ያህል ባዳ አይደለም። አክሱማውያን ገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ይቀርጹ ነበር፤ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይም በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ነው የተጻፈው። ‹‹ወንጌል›› ከግሪክ ነው የመጣው። ‹‹ዲያቆን›› ከግሪክ ነው። ይሄን ስታነቡ ምናልባት ክንዳችሁን ያስደገፋችሁበት ‹‹ጠረጴዛ›› እንኳ ከግሪክ ነው! ጠረጴዛን ያልፈራ ሕዝብ ሃይድሮን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ግን መተርጎም ብቻውን አይበቃም

‹‹ታዲያ ሁሉንም ወደ አማርኛ እንመልሰውና እንገላገል›› የሚል አይጠፋም። ቀስ!

‹‹ዲሃይድሬሽን››ን ተመልከቱ። ‹‹ዲ›› የሚለው ማጉደልን ያመለክታል፤ ስለዚህ ትርጉሙ ውሃ ማጣት ነው። ይሄን ብዙ ጊዜ ‹‹ድርቀት›› ብለው ይተረጉሙታል። በመዝገበ ቃላት ትክክል ነው። ቤት ውስጥ ግን ‹‹ድርቀት›› ሲባል የምንሰማው ምንድን ነው? የሆድ ድርቀት! ልጇ በተቅማጥ እያለቀባት ያለችን እናት ‹‹ልጅሽ ድርቀት ይዞታል›› ብትሏት ምን ታስብ? ‹‹ይሄ ባለሙያ ጤና የለውም እንዴ? እኔ የምለው ሌላ፣ እሱ የሚለው ሌላ›› ብትል አይፈረድባትም። ባስ ሲልም፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ይከልከል የሚለው የቆየ እምነት አለ። ‹‹ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል›› ይባላል። ያ ልጅ ግን ሊሞት የሚችለው በተቅማጡ ሳይሆን በሚወጣው ውሃና ጨው ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው አማርኛ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን እናትየዋ የምትሰማው ነው፦ ‹‹የሰውነቱ ውሃ እያለቀ ነው፤ በወጣው ልክ ተኪለት።›› ይሄ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሕመሙንም መድኃኒቱንም ይናገራል።

መድኃኒቱም በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ኦ.አር.ኤስ.፣ ‹‹ሕይወት አድን ንጥረ ነገር››፣ ወይም ብዙ ሰው ‹‹ለምለም›› ብሎ የሚያውቀው። አንድ ሊትር የሚለውን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ውስጡ ያለው በዋናነት ስኳርና ጨው ነው፤ አንጀት ስኳሩን ሲያስገባ ጨውንም አብሮ ያስገባል፣ ውሃው ደግሞ ተከትሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ሕንድ ድንበር ላይ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገባ። የደም ሥር ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም በስኳርና በጨው የተበጠበጠውን ውሃ ለቤተሰቦቻቸው ሰጥቶ ‹‹እናንተው አጠጧቸው›› አለ። ከታመሙት ከመቶ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ከመቶ 4 በታች ወረደ። ውሃውን ያጠጡት እናቶች፣ እህቶችና ባሎች ነበሩ፤ ዶክተሮች አይደሉም። እነሱ ደግሞ ያጠጡት ምን እያደረጉ እንደሆነ ስለገባቸው ነው።

የኬሚስትሪ ክፍል ጉድ

እዚህ ላይ ኬሚስትሪ የተማረ አንባቢ ‹‹ቆይ፣ ሃይድሮካርበን ውስጥ ውሃ የታለ?›› ብሎ ሊይዘን ነው። ልክ ነው፤ የለም። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ላምባ፣ ቡታጋዝ ሁሉም ሃይድሮካርበኖች ናቸው፤ አንድ ጠብታ ውሃ የላቸውም። ታሪኩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1766 ሄንሪ ካቬንዲሽ የተባለው እንግሊዛዊ ‹‹ተቀጣጣይ አየር›› ያለውን ጋዝ ለይቶ አጠና። ቆይቶም ይሄ አየር ሲነድ ውሃ እንደሚፈጠር ታየ። በ1787 ፈረንሳዊው ላቯዚዬና ባልደረቦቹ ለኬሚስትሪ አዲስ የስም አወጣጥ ሲያዘጋጁ ጋዙን ‹‹ሃይድሮጅን›› አሉት፤ ‹‹ውሃ ወላጅ›› ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በኬሚስትሪ ውስጥ ‹‹ሃይድሮ›› ሁለት ፊት አለው። አንዳንዴ ውሃ ነው፤ ሃይድሮሊሲስ በውሃ መፍታት ነው፣ ሃይድሬት ውሃ የያዘ ነው፣ አንሃይድረስ ውሃ አልባ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የውሃ ወላጁ፣ ሃይድሮጅን ነው፤ ሃይድሮካርበን፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሃይድሮጅኔሽን።

አንዳንዱ ደግሞ ከሁለቱም የወጣ ቀልደኛ ነው። ካርቦሃይድሬት ቃል በቃል ‹‹ውሃ ያለው ካርበን›› ነው። የድሮ ኬሚስቶች ስኳር ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ልክ እንደ ውሃ ሁለት ለአንድ ሆነው ሲያገኙ ውሃ መሰላቸው። ስኳር ላይ ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ስታፈሱ ጥቁር ከሰል ሆኖ የሚነሳውም አሲዱ ሃይድሮጅንና ኦክስጅኑን በውሃ መልክ ስለሚነጥቀው ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ሰውን ያሸናል፤ ‹‹ሃይድሮ››ው ግን ሽንቱን ሳይሆን ሃይድሮጅኑን ነው የሚያመለክተው። በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ያስጨነቀው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም የምናውቀው ክሎሮኪን ላይ አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አንድ ላይ ሆነው የተጨመሩበት ነው። (ለኮቪድ ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሠራም፤ ለሉፐስ ግን ዛሬም ያገለግላል።)

ይሄን ለአንድ ተማሪ ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አምስት። አምስት ደቂቃ ያልሰጠነው ተማሪ ግን ሃያ ቃል ለየብቻ ሲሸመድድ ያድራል፣ ከፈተና በኋላም ሃያውንም ይረሳል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ በእንግሊዝኛው ላይ ግሪክኛ እንደተጫነበት የሚነግረው ሰው የለም። ‹‹ኬሚስትሪ አይገባኝም›› የሚለው ብዙ ልጅ ያልገባው ኬሚስትሪው ሳይሆን ግሪኩ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ጀርመን ሃይድሮጅንን ‹‹ቫሰርሽቶፍ›› ይለዋል፣ የውሃ ንጥረ ነገር። ሩሲያ የተማሩ ወላጆች ያሏችሁ ጠይቋቸው፣ ‹‹ቮዶሮድ›› ይሏችኋል፣ ውሃ ወላጅ። ዕብራይስጥ ‹‹ሜማን›› ይለዋል፣ ከ‹‹ማይም›› ወስዶ። ‹‹ማይም›› ደግሞ የእኛው የግዕዙ ‹‹ማይ›› ወንድም ነው፤ ማይጨው ላይ ያለው፣ ትግርኛ ተናጋሪ ዛሬም ቤቱ የሚጠጣው ‹‹ማይ››። ጀርመኖች ሃይድሮሴፋለስንም ‹‹ቫሰርኮፍ››፣ ውሃ ራስ ይሉታል። እንዲያውም ያለቅጥ ያበጠን ቢሮክራሲ የሚሰድቡበት ቃል ሆኗል! ቃሉ ስለገባቸው ነው ለስድብም የተመቻቸው።

እኛስ አንችልም? ማስረጃው ጉባ ላይ ቆሟል። ‹‹ሃይድሮ ኤሌክትሪክ››ን ‹‹የውሃ ኃይል ማመንጫ›› ብለነዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ውሃ መሆኑን ያልተረዳ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። መሐንዲሶቹ ውሃ ስላሉት ክብራቸው አልቀነሰም፤ ተርባይኑም አልቆመም። ግድቡን ያስረዳንበትን ቋንቋ ለታመመ ሕፃን እናት ለምን እንነፍጋታለን?

ሐኪሞቹ ምን ይሉናል?

ሦስት መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ሦስቱም ባዶ አይደሉም።

አንደኛው፣ ‹‹ውሃ ማለት ትክክል አይደለም፤ ፈሳሹ ተራ ውሃ አይደለም›› የሚለው ነው። እውነት ነው። ግን ግሪኩም እኮ ያለው ውሃ ነው! በግሪክ ሲነገር ትክክል የሆነ በአማርኛ ሲነገር ስሕተት አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ‹‹ጊዜ የለንም፤ ኮሪደሩ ሙሉ ነው›› የሚለው ነው። ይሄም እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ ሐኪም የተሸከመውን ሸክም የሚያቃልል ሰው አይደለንም። ግን ቱቦው ሲደፈን ዘግይታ የምትመጣው እናት ከአምስት ዓረፍተ ነገር የበለጠ ጊዜ ትወስዳለች።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንዳንድ ጊዜ የባዕድ ቃል መሸፈኛ ነው። ሃይድሮሲል ያለበት ሰው ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ ሕመሙ በአማርኛ እንዲነገርበት አይፈልግም። ይሄ ተገቢ ነው። መጋረጃው ግን በሕመምተኛውና በሌላው ሰው መካከል ይሁን እንጂ በሕመምተኛውና በገዛ ሕመሙ መካከል አይሁን።

ስለዚህ ጥያቄያችን ‹‹ሃይድሮ››ን አጥፉ አይደለም። እንዲያውም አትንሱን። ቃሉን ጻፉልን፤ ሌላ ሆስፒታል ስንሄድ እናሳየዋለን፣ ስልካችን ላይ እንፈልገዋለን። ከጻፋችሁልን በኋላ ግን ፍቱልን። መምህራን ደግሞ ሃያውን ቃል ከማስሸምደዳችሁ በፊት አንዱን ቁልፍ ስጡ።

እኛም የቤት ሥራ አለብን። ሐኪም ፊት ተቀምጦ ያልገባውን ‹‹እሺ›› የሚል ሕዝብ ነን። መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ከእንግዲህ ‹‹ዶክተር፣ ይቅርታ፣ በአማርኛ ምን ማለት ነው?›› እንበል። ለእኛ ባይሆን አብረናቸው ለምንሄድ እናቶቻችንና አያቶቻችን ስንል እንጠይቅ። እነሱ ሲያፍሩ እኛ እንጠይቅላቸው። የተማርንበት ትርፉ ይሄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ለጥያቄው የሚመጣው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ‹‹ውሃ ነው›› የሚል ይሆናል።

ቸር እንሰንብት!